ከጎረቤታችን ቤት የተገኘው ፓተንት

ሃምሳ ዓመቴን ከደፈንኩ በኋላ ኮሌጅ ገባሁ። አንድ ሰሞን አስተማሪያችን አሳይንመንት ሰጠችን፤ የምትኖሩበት ከተማ ሰዎች ያገኙትን ፓተንት ፈልጉና ከተማችሁ ምን ያህል አዲስ ነገር እንደሚፈጥር ጻፉ የሚል። የእኛ ከተማ ብሩክሊን ሴንተር ነው። ለባለቤቴ ስነግረው የሚጠጣው ውሃ ትን አለው።

«እዚህ ደግሞ ማን ምን ፈጥሮ ያውቃል?»

«አንተ የመኪናውን መስኮት በፕላስተር ለጥፈህ ሁለት ዊንተር ድራይቭ አላደረግክም?»

«እሱማ ፈጠራ ነው» አለ ኮራ ብሎ፤ «አላስመዘገብኩትም እንጂ።»

ቅዳሜ ጠዋት የፓተንቱን መዝገብ ሰርች ማድረግ ጀመርኩ። በእያንዳንዱ ላይ የፈጣሪው ስምና የሚኖርበት ከተማ ተጽፏል። የዓሣ ማጥመጃ አለ፣ የበር ማጠፊያ አለ፣ ስሙን ማንበብ ያቃተኝ ኬሚካል አለ። ወደ ታች ስወርድ አንድ የአበሻ ስም አየሁ። የሕክምና ቱቦ ሲገጣጠም ጫፉን አጥብቆ የሚይዝ ዕቃ ሠርቷል ይላል። ስሙን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከእኛ ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩት ሽማግሌ ናቸው!

እኚህ ሰው አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ጡረተኛ ናቸው። እኛ የምናውቃቸው የቆሻሻ ቢናችንን ሲቆጣጠሩ ነው። ትንሽ ከተጣመመ መጥተው ያንኳኳሉ። የዚያን ቀን ግን እኔ አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ፓተንት አለዎት እንዴ?»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «የትኛውን ነው የምትዪው?»

«ስንት ነው ያለዎት?»

«አራት።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞ ፓተንት አትበዪ፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብት በይ። አዲስ አበባ ያደግሽው አንቺ፣ አማርኛ የማስተምርሽ እኔ!»

አስገብተው አስቀመጡኝ። የሕክምና ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት ቱቦ ሲገጣጥሙ ኖረዋል። አውራ ጣታቸው እያበጠ ሲያስቸግራቸው ከተጣለ ፕላስቲክ መያዣ ቆርጠው ሠሩ። ኢንጂነሩ እንደ ልማዱ አይቶ ሳቀ፤ በማግስቱ ግን ለፓተንት የሚፈረም ወረቀት ይዞ መጣ። ሌሎቹም እንደዚሁ አንድ ነገር ባስቸገራቸው ቁጥር የመጡ ናቸው።

«እኔ ግን ያገኘሁት አንዱን ብቻ ነው» አልኳቸው።

«እሱ የመጨረሻው ነው። የፊተኞቹ ጊዜ የምኖረው ዌስት ሴንት ፖል ነበር። ወደዚህ የመጣሁት ልጄ አጠገብ ልሁን ብዬ ነው።»

«ፋብሪካውስ?»

«እሱ በሁለቱም የለም፤ ሌላ ከተማ ነው።» ድንገት ሳቃቸው መጣ። «እንግዲህ እኔ ዕቃዬን ጭኜ ስነሳ ዌስት ሴንት ፖል ደነቆረ፣ ብሩክሊን ሴንተር ተፈላሰፈ ማለት ነዋ!»

ይህንኑ ስማቸውን ሳልጠቅስ ጻፍኩት። አስተማሪዋ አንብባ ሰውየውን ክላስ ይዘሽልኝ ነይ አለች። ክራቫት አስረው መጡ፤ ወንበር ሲሰጣቸው እምቢ ብለው ቆመው አወሩ። ተማሪው ሁሉ ሲስቅ ቆየና አንዷ ልጅ ያልተመዘገበ የሠሩት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አጠገቤ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው። «በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ። ቱቦው እንዳይጣመም የምታደርግበትን ዘዴ ሁላችንም ከእሷ ነው የቀዳነው። ለእሷ ግን ማንም ወረቀት አላመጣላትም። እኔም አልተናገርኩላትም።»

የሚስቅ አልነበረም።

ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ሃይዌይ ከመግባታችን በፊት አንድ ቦታ አቁሚልኝ አሉ። አቆምኩ። ከደረት ኪሳቸው ዳሩ የተበላ የስልክ ደብተር አወጡ። ሴትየዋ አሁን ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የሚባል ከተማ ትኖራለች አሉኝ፤ ከደወሉላት ዓመታት አልፈዋል። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳስተው በሦስተኛው ተነሳላቸው። ስለ ፓተንት ይነግሯታል ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አሏት ጮክ ብለው።

ከወዲያ በኩል ረጅም ሳቅ ተሰማ፤ እሳቸውም መቀመጫቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ተመቻቹ። እኔም ሞተሩን አጠፋሁ።