ከእንሰቱ ሥር የቀበርኩት

«እማዬ፣ መምህራችን ነገ ትምጣ ብላሻለች» አለችኝ ትንሿ ልጄ፣ ከቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት እንደተመለሰች።

«ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ምንም። እማዬ ጓሮ ትቀብራለች ብዬ ነገርኳት።»

ደነገጥኩ። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ያኔ ጂንካ ውስጥ ጓሮው ቀበረ የተባለ ሰው መሣሪያ ደብቋል ነው የሚባለው። እኔ ደግሞ የምቀብረው የቤት ጥራጊና የድንች ልጣጭ ነው፤ እናቴ እንዳሳየችኝ ከእንሰቱ ሥር። ግን ማን ያምነኛል?

በማግስቱ በጠዋት ሄድኩ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የሚቀብሩት?» አለችኝ መምህርቷ።

«ጥራጊ ነው እናቴ! ጥራጊ ብቻ! ካላመናችሁኝ መጥታችሁ ቆፍሩ!»

ሳቋን ለቀቀችው። «እኔም የፈለግኩት መቆፈሩን ነው። እነዚህ ልጆች ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ እየጣሉ አስቸገሩኝ። ያስተምሩልኝ።»

«እኔ? ከመሠረተ ትምህርት የያዝኩት ስሜን መጻፍ ብቻ ነው።»

«ጉድጓድ ለመቆፈር ፊደል ምን ያደርጋል?»

ግቢው ጥግ ቆፈርን። ልጆቹ የሙዝ ልጣጭ እየተሽቀዳደሙ አመጡ፤ አፈር አለበስነውና እንሰት ተከልንበት። በዓመቱ እንሰቱ ልጄን በቁመት በለጣት። እሷም በአጥሩ ለሚያልፈው ሁሉ «እማዬ የቀበረችው ነው!» እያለች ትጮህ ነበር። እኔም አንድ ቀንም ዝም በይ አላልኳትም።