ተረከዜና የሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ

መጀመሪያ ያመመኝ ተረከዜ ነው። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ወለሉን ስረግጥ ሚስማር የወጋኝ መሰለኝ። ትንሽ ስራመድ ለቀቀኝ። በማግስቱ ተመለሰ።

ሶዶ ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጃችን ሴት ሠራተኛ ሁሉ ጫፉ የሾለ ታኮ ጫማ እንድታደርግ አዝዞ ነበር። ለእንግዳ ክብር ነው ይላል። ከኋላው የምቆምበት ባንኮኒ እስከ ደረቴ ይደርሳል። እንግዳው ጫማዬን ለማየት ባንኮኒውን መዝለል ነበረበት። ይህን ያላስተዋለ ሰው ነው እንግዲህ ስለ ክብር የሚያስተምረን።

ሕመሙ ወደ ባቴ ወጣ። ከዚያ ወገቤን ያዘኝ። አንድ ቀን ሻንጣ ስቀበል እግሬ ከዳኝ። እንግዳው ፊት ተደፋሁ። ሥራ አስኪያጁ ሮጦ መጣ። ሻንጣውን አነሳ። እኔን አላነሳኝም።

ኋላ ጠርቶኝ በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ የውጭ አገር ሰው በባዶ እግሩ ሣር ላይ ይሮጣል። መድኃኒቱ ተፈጥሮ ነው፣ ገጠር ሄደሽ ጫማሽን አውልቂ አለኝ። ስመለስ ግን ታኮው እንዳይቀር አሳሰበኝ። ሁለቱን ምክር በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ፊቱ ላይ የሐፍረት ምልክት አላየሁበትም።

ሌላ ተስፋ ስላልነበረኝ ገሱባ፣ ገጠር ያለችው አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ሳጎነብስ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን አሳየችኝ። ዝሆኔ ነው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ዕድሜዋን ሙሉ ቀዩን አፈር በባዶ እግሯ ረግጣ ያገኘችው ነው።

«እኔ ያለ ጫማ ነው ያረጀሁት» አለችኝ። «አንቺ ጫማሽን አድርጊና ሐኪም ዘንድ ሂጂ።»

ሶዶ ተመልሼ ኦቶና ሆስፒታል ሄድኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አስቆመችኝ፣ አስኬደችኝ፣ ከኋላዬ ሆና አየችኝ። ፕላንታር ፋሽያይቲስ ነው አለች፤ ከውስጥ እግር ሥር ያለው ጅማት መቁሰል።

«እግርሽ ብቻውን አልታመመም» አለችኝ። «ተረከዝሽ ሲነሳ ክብደትሽ ወደ ፊት ሄደ፣ የባትሽ ጡንቻ አጠረ፣ ወገብሽ ሊያስተካክል ሲል ተጎዳ።»

ስለ ቪዲዮው ስጠይቃት በባዶ እግር መሄዱ ቤት ውስጥ፣ ንጹሕ ወለል ላይ፣ ጥቂት በጥቂት እንዲሆን፣ አፈር ላይ ግን ጣቶቼ የሚዘረጉበት ሰፊና ዝቅ ያለ ጫማ እንዳይለየኝ ነገረችኝ።

ያንን ጫማ አድርጌ ሥራ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ቀይሪ አለኝ።

«አልቀይርም» አልኩት። «እግሩ የእኔ ነው።»

ሊቀጣኝ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አወረደኝ። እዚያ እንደ ሐውልት መገተር የለም፤ ቀኑን ሙሉ ሳጎነብስ፣ ሳነሳ፣ ገመዱ ድረስ ስመላለስ፣ ጠዋትና ማታም ግድግዳ ተደግፌ ባቴን ሳፍታታ፣ ሕመሙ መቼ እንደተወኝ በውል ሳላውቀው ከአልጋዬ ወርጄ ወለሉን ያለ ስጋት የምረግጥ ሰው ሆንኩ። ባላሰበው መንገድ ስላዳነኝ ግን ሥራ አስኪያጁን አላመሰግነውም።

የማመሰግነው ባለሙያዋንና አክስቴን ነው። አክስቴም አሁን እግሯን በየቀኑ በሳሙና እየታጠበች፣ ቅባት እየተቀባች፣ በልኳ የተሰፋ ጫማ አድርጋ እብጠቱ እየቀነሰላት ነው።

የጠዋቱን ሕመም ያያችሁ ሰዎች፣ እስክትወድቁ አትጠብቁ። ጫማ ስትገዙ እግራችሁ ሰፋ በሚልበት ከሰዓት በኋላ፣ ቆማችሁ ለኩ። ጣቶቻችሁ ካልተንቀሳቀሱ ለሻጩ መልሱለት። ያምርባችኋል ካላችሁ ራሱ ያድርገው።