ቦይ ጠራጊ ገና ሲጫወት

ዱብቲ በኖርኩበት ዘመን የቅርብ ጓደኛዬን ዓይን ላጠፋ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ዘመኑ ደርግ ነው። ዛሬ ሰመራ የምትባለው ከተማ ያኔ ንፋስ የሚጋልብባት ባዶ ሜዳ ነበረች። እኔ ደገኛ ነኝ፤ የጥጥ እርሻው ጸሐፊ። ጓደኛዬ የወሎ ሙስሊም ነው፤ ሻይ ቤት አለው። ገና ሲደርስ ግን ዱላውን ይዞ ከሁላችን ቀድሞ ሜዳ የሚገኘው እሱ ነበር። "እኛ አገር ሁሉም ነው የሚጫወተው፤ ለእናንተ ብቻ ማን ሰጣችሁ?" ይለናል።

በዚያ ገና፣ ከእርሻው ዳር ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ፣ እሩሯ እግሬ ሥር መጣችልኝ። እሩር ከእንጨት የተጠረበች፣ ጭብጥ የምታህል ድብልብል ናት፤ ቀልድ አታውቅም። ፊት ለፊት ልሰዳት ባለ በሌለ ኃይሌ መታኋት። ወደ ቀኝ ሄደች። ሁልጊዜም ወደ ቀኝ ነው የምትሄድብኝ፤ ጓደኞቼ "ጠማማው" ነበር የሚሉኝ። እሱ በዚያ በኩል ሲሮጥ ቅንድቡ ሥር አገኘችው። ደሙን ሳይ ዱላዬን ጥዬ ጮኽኩ፤ ምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም።

ሐኪሙ ዓይኑን በፋሻ አሰረው። ይትረፍ አይትረፍ የሚታወቀው ሲፈታ ነው ተባለ። እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔና ፈጣሪዬ እናውቃለን። በየቀኑ ሻይ ቤቱ እሄዳለሁ። ሚስቱ ፊቷን ታዞራለች። ድሮ ከበሩ ሳልገባ "እንዴት ዋልክ፣ ወንድምዬ?" ብላ የምትቀበለኝ ሴት፣ አሁን ሰላም ስላት ዝም። አልፈርድባትም። እኔ እሷን ብሆን በብርጭቆ ነበር የምፈነክተው።

ፋሻው የተፈታ ቀን በዚያው ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝና፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ይታየኛል። ያው ፉንጋ ነህ" አለኝ። ተመስገን! እየሳቅሁ አለቀስኩ። የሚስቱ ሰላምታ ግን አልተመለሰልኝም። እኔም ዳግመኛ የገና ዱላ ላልነካ ማልኩ።

ዓመቱ ሊዞር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለእሁድ ዘመቻ ቦይ ጠረጋ ወጣን። ያኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ባለሻይ ቤት ነኝ ማለት አይሠራም፤ ሁሉም አካፋውን ይዞ ይወጣል። የአዋሽ ደለል ቦዩን ሞልቶታል። እኔ ውስጥ ቆሜ እየዛቅሁ በቀኜ ወዳለው ዳር እወረውራለሁ። ጓደኛዬ አካፋውን ተደግፎ ያየኛል።

"ሥራ እንጂ! ምን ይገትርሃል?" አልኩት።

"ቆይ፣ ቆይ፣ አንዴ ድገማት።"

ደገምኩለት። ሳቁን ለቀቀው። "ወላሂ አገኘኋት! አንተ ሰውዬ፣ እሩር መቼ ትመታለህ? ደለል ነው የምትደፋው!"

ንድድ አለኝ። ብናደድም ግን እውነቱን ነበር። ቦይ ጠራጊ ደለሉን ሲወረውር መጨረሻ ላይ የእጁን አንጓ ይገለብጣል፤ ሰው ላይ እንዳይደፋም ቀና ብሎ ዳሩን ያያል። ቦይ ውስጥ ይህ ጨዋነት ነው፤ ቀና ሳይል የሚወረውር ይሰደባል። ሜዳ ላይ ግን ቀና ስትልና አንጓህ ሲገለበጥ ዱላው ይዞርና እሩሯን ወደ ቀኝ ይልካታል። የስንት እሁድ ቦይ ክንዴ ውስጥ ገብቶ ኖሯል!

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ እየጎተተ ሜዳው ላይ አደረሰኝ። የጣልኩትን ዱላ ዓመት ሙሉ አስቀምጦልኝ ነበር፤ ምያለሁ ብለውም በግድ አስጨበጠኝ። የጨርቅ ኳስ እግሬ ሥር አኖረና ሄዶ በቀኝ በኩል ቆመ፤ ዓምና የተመታባት ቦታ ላይ።

"ኧረ እዚያ አትቁም!"

"እዚህ ካልቆምኩ ክንድህ አይማርም። አንጓህን አትገልብጥ። ከመታህም በኋላ ኳሱ የነበረበትን አፈር እይ። እኔን አትየኝ፤ አላምርም።"

የመጀመሪያው ሆዱን አገኘው። ሁለተኛው ጉልበቱን። "አብሽር፣ ጨርቅ ነው" ይላል። ስንት ጊዜ እንደመታሁት እንጃ፤ ብቻ አንዷ ፊት ለፊት ሄደች። ደገምኩ፣ ሄደች። ደግሜ መታሁ፣ አሁንም ሄደች። ያኔ ከኪሱ እሩሯን አውጥቶ አስቀመጠልኝና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ዱላውን እንዳነሳሁ ሚስቱ ባሏን ልትጠራ መጣች።

"ያረቢ! አሁንም?" ብላ ጮኸች።

"አታስደንብሪው" አላት። "ክንዱ ዳነ እኮ።"

"ዳነ?" እኔን አየችኝ። የባሏን ቅንድብ፣ ጠባሳውን አየችው። እጁን ይዛ ትወስደዋለች ስል፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አጠገቡ ሄዳ ቆመች። "በል፣ ከዳነ እኔም ልየው።"

ዱላውን ጥዬ ልሄድ አማረኝ፤ ግን ያን ቀን ብሸሽ ይህች ሴት ዕድሜ ልኳን እንደፈራችኝ ልትኖር ነው። አጎነበስኩ። አንጓዬን አጠበቅሁ። መታሁ።

ቀና አላልኩም። አፈሩን እያየሁ ጩኸት ጠበቅሁ።

"ቀጥ ብላ ሄደች! ቀና በል እንጂ፣ አንተ!" አለ እሱ።

አልቻልኩም። ዕንባዬ አፈሩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የእግሯን ኮቴ ሰማሁ፤ መጥታ ፊቴ ቆመች።

"እንዴት ዋልክ፣ ወንድምዬ?" አለችኝ።