ፊርማ አስፈራሚዋ

ባዶውን ክላሰር ዛሬም ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣዋለች። ኩባንያው ሠራተኛው እርስ በርሱ እስከማይተዋወቅ ድረስ ስላደገ፣ ውል የሚፈረመው በአዲሱ ሶፍትዌር ሆኗል።

«እግርሽ አረፈልሽ!» ትላታለች ጎረቤቷ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ።

«ተገላገልኩ» ትላለች፣ ዓይኗን ከደረጃው ሳትነቅል።

ድሮ የሚፈረመውን ውል በክላሰሩ ይዛ ደረጃውን ወጥታ፣ ሕግ ክፍል በር ላይ ስትደርስ ፀጉሯን ነካ ነካ አድርጋ ትገባለች። ጠበቃው መነጽሩን ጠርጎ፣ «እስካነበው አረፍ በይ» ይላታል። ገጹን አንድ በአንድ ይገልጣል፤ መልሶ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። እሷ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች።

«አሰለቸሁሽ አይደል?»

«ኧረ ምንም አይደል! ደህና አድርገው ያንብቡት።»

ከዚህ ያለፈ ተነጋግረው አያውቁም።

ዛሬ ለደንበኛ ሁሉ የሚሄደውን ያንኑ የተለመደ ውል በሶፍትዌሩ ላከችለት። እንደ ድሮው ልትጠብቅ አገጯን በመዳፏ ደገፍ ከማድረጓ፣ «ተፈርሟል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ አለ። ከሥሩ ሶፍትዌሩ የውሉን አርቃቂ ስም ጽፏል። የጠበቃው ስም ነው።

ስሙን ደጋግማ አየችው። ራሱ የጻፈውን ውል ነው ለካ፣ እሷ መስኮቱ ጋ በተቀመጠች ቁጥር እንደ አዲስ ሲያነብ የኖረው።