«ባዶ ወረቀት» የተባለው ሕግ

አስናቀች «የለም» የሚባለውን ቃል አትወድም። አትወድም ብቻ! ሶዶ ባለው የሕግ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት፣ መጽሐፍ ከሚያውሱበት መስኮት ኋላ ከተቀመጠች ጀምሮ በዚህ ቃል ያልተጣላችው ባልደረባ የለም። ተማሪ መጥቶ ሲጠይቅ፣ አንዱ ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ «የለም» ሲል ከሰማች አለቀለት።

«እዚህ የለም በል! የለምና እዚህ የለም አንድ ነው እንዴ?»

ከዚያ ስልኳን ታነሳለች። ሐዋሳ፣ ጅማ፣ አርባ ምንጭ፣ አዲስ አበባ፤ የሕግ መጽሐፍ ባለበት ቤት ሁሉ አንድ የምታውቀው ሰው አለ። አብዛኞቹን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም። ልጆቻቸው ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ግን ታውቃለች። መጽሐፉ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ተማሪው አንብቦ ይመልሳል፣ እሷም ወደ መጣበት ትሸኘዋለች። ስትሸኘው ታዲያ ባዶውን አይደለም። የጉኑኖ ልጅ ናት፤ ጎረቤት አንድ ነገር በሰሃን ልኮልህ ሰሃኑን ባዶ መመለስ ነውር መሆኑን ከእናቷ ጓዳ ነው የተማረችው። እናም ከመጽሐፉ ጎን አንዴ ዝንጅብል፣ አንዴ በጠርሙስ የሚፋጅ የቃሪያ ዳጣ ታስቀምጣለች። አንድ ጊዜ የጠርሙሱ ክዳን ላልቶ አንድ የውል ሕግ መጽሐፍ ዳጣ ጠጥቶ ጅማ ገባ። እዚያ ያለችው መሲ ደውላ «ኧረ አስኑ፣ መጽሐፉን የገለጠ ሁሉ ያስነጥሰዋል!» አለቻት።

«ይበላቸው! እያነበቡ አይተኙም» አለች አስናቀች።

እንግዲህ ክረምቱ ሊገባ ሲል ኤልሳዕ መስኮቷ ላይ መጣ። ኤልሳዕ የቦምቤ ልጅ ነው፣ ዓይነ ስውር ነው። ትምህርቱን ጨርሶ የመውጫ ፈተናውን አንድ ጊዜ ተፈትኗል፤ ለትንሽ ወድቋል። አምስቱን ዓመት የተማረው በጓደኛው በፍሬዘር አፍ ነበር፤ ፍሬዘር ያነባል፣ እሱ ይሰማል። ፍሬዘር አለፈና ሥራ ይዞ ሄደ። ለኤልሳዕ የቀረው በስልክ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ እሱም አንዱ አንባቢ የሚያዛጋበት፣ ሌላው አንቀጽ የሚዘልበት።

«እትዬ አስናቀች» አላት፣ በትሩን መስኮቱ ሥር አስደግፎ። «ሕግ ተምሬ ጨረስኩ ይሉኛል። አንድም ቀን ግን ሕግ አንብቤ አላውቅም። ሁልጊዜ በሰው አፍ ነው የምሰማው። ሰውየው ሲደክመው ሕጉም እዚያው ላይ ያልቃል። አሁን የፍትሐ ብሔር ሕጉን በብሬል፣ በገዛ ጣቴ ማንበብ እፈልጋለሁ። ብወድቅም በራሴ ንባብ ልውደቅ። አለ?»

አንጀቷን በላው። ብዙ ተማሪ ብዙ ነገር ጠይቋታል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ሰምታ አታውቅም።

«እዚህ የለም» አለችውና ስልኳን አነሳች።

አዲስ አበባ፣ አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት የብሬል ክፍል ውስጥ፣ መክብብ የሚባል ሰው አለ። እሱም ዓይነ ስውር ነው፤ አስናቀች በስልክ ስታዋራው ዓመታት አልፈዋል። መክብብ ሕጉ በብሬል እንዳለው ነገራት፤ ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነው፣ ብዙ ጥራዝ ነው፣ አንዱ ጥራዝ ብቻውን ትራስ ያህላል።

«ልጁ ያነበዋል?» አላት።

«ይበላዋል እንጂ!»

«እንግዲያው በአውቶቡስ እልካለሁ። ዝንጅብሌን እንዳትረሺ።»

ካርቶኖቹ ሶዶ የደረሱ ቀን አስናቀች አልነበረችም፤ ጉኑኖ ለቅሶ ሄዳለች። የአውቶቡሱ ረዳት «ለሕግ ኮሌጁ ነው ተብያለሁ» ብሎ ሲያመጣቸው የተቀበላቸው ፍቅሬ ነው፣ የንብረት ክፍሉ። ፍቅሬ ክፉ ሰው አይደለም፤ በዓይኑ ላላየው ነገር ግን ቢገድሉት አይፈርምም። ካርቶኑን ከፈተው። ወፍራም ነጭ ወረቀት። ገለጠው፣ ነጭ። ሌላውን ጥራዝ አነሳ፣ እሱም ነጭ። ቀለም የለ፣ ማኅተም የለ፣ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት እንኳ ነጭ ናት! ፍቅሬ «አላገጡብን» አለና አንድ ወረቀት አዘጋጀ፦ «የመጣው ባዶ ወረቀት ስለሆነ አልተረከብንም። ንብረታችን አይደለም።» ፈረመበት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ጌታነህም ስብሰባ ሊገባ ሲጣደፍ ሳያየው ፈረመ፤ ማኅተም አረፈበት። ካርቶኖቹ በመጡበት አውቶቡስ እስኪመለሱ ኮሪደር ላይ ተቀመጡ።

አስናቀች በማግስቱ ስትመጣ ይህን ሰማች። መጀመሪያ ደሟ ፈላ፤ ከዚያ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈችውን ነጭ ወረቀት በእጇ ዳበስ ስታደርጋት ነጥብ ነጥቡ ተሰማት። መክብብ ዘንድ ደወለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ካርቶኑ ላይ ምንም ሳትጽፍ ትልካለህ?»

«እንዴ! ጻፍኩ እንጂ! ‹ብሬል ነው፣ ተጠንቀቁ› ብዬ፣ የኮሌጁን ስም፣ ያንቺንም ስም...»

«በምን ጻፍከው?»

«በብሬል...» አለ መክብብ። ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ፍቅሬም ሲነገረው አፈረና ጣቶቹን ገጹ ላይ እያመላለሰ «ወይ ጉድ፣ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ነው?» አለ።

ነገሩ በሳቅ ያለቀ መስሏት ነበር። የት!

አቶ ጌታነህ በዕድሜ ያንሳታል። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ትሑት፣ ግን ጥላውን የሚፈራ ሰው ነው። ቢሮው ገብታ ስትነግረው በጥሞና ሰማት።

«መጽሐፍ ከሆነ እንግዲህ መመሪያው ግልጽ ነው፣ ወይዘሮ አስናቀች። በውሰት የመጣ መጽሐፍ ከንባብ አዳራሽ አይወጣም።»

«አዳራሹ የት አለና? የፈተና ኮምፒውተር ሞልታችሁ ቆልፋችሁታል!»

«ፈተናው ሲያልቅ ይከፈታል።»

«ልጁ የሚፈተነው እኮ ያንኑ ፈተና ነው!»

አቶ ጌታነህ መነጽሩን አወለቀ። «እኔ ምን ላድርግ? የሌላ ቤት መጽሐፍ ነው፤ አንድ ገጽ ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ። ግምጃ ቤት ይቆለፍበት። ይቆይ፤ ዝም አይነቅዝም።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው!» ብላ በሩን ከኋላዋ ጠረቀመችው።

ሄዳ ፍቅሬን ያዘችው። ፍቅሬ ደግሞ በተራው ተቸግሯል። ያልተረከበውን ዕቃ ግምጃ ቤት ማስገባት አይችልም። እንዲረከብ ደግሞ ‹አልተረከብንም› ያለው ወረቀት መሻር አለበት፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይሰረዝም፣ አይደለዝም። ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት።

«ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?»

«ከፈተናው በኋላ» አለ ፍቅሬ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«እስከዚያ ድረስ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

ፍቅሬ ግራ ቀኙን አየ። «እስከዚያማ... ባዶ ወረቀት ነው።»

አስናቀች ቀስ ብላ ፈገግ አለች፤ የሚያውቋት ሰዎች ይህን ፈገግታ ሲያዩ ወንበር ሳብ አድርገው ይርቃሉ።

«በል ያቺን ወረቀት ኮፒ አድርገህ ስጠኝ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ተማሪው ሁሉ ግቢ ውስጥ ባለበት ሰዓት፣ ባጃጅ በር ላይ አቆመች። በጓሮ አይደለም፣ በዋናው በር። ሌባ አይደለችማ! ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ተሸክማ በአቶ ጌታነህ መስኮት ሥር አለፈች። ኤልሳዕ በትሩን ይዞ ከባጃጁ ጎን ቆሟል። ጥበቃው አድነው እጁን ዘርግቶ አገዳት።

«የዕቃ መውጫ?»

ኮፒውን ሰጠችው። አድነው ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ባዶ ወረቀት... ንብረታችን አይደለም...» ማኅተሙን በደንብ አየ። «ንብረታችን ካልሆነ እኔ ምን አገባኝ!» ብሎ በሩን ከፈተ።

አቶ ጌታነህ ጥላውን ብብቱ ሥር እንደያዘ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ተማሪው ከበበ።

«ወይዘሮ አስናቀች! ምን እያደረጉ ነው? በሥራዎ ላይ ያመጣብዎታል!»

«ያምጣ!» አለች። ድምጿ በር ማዶ ተሰማ። «ያምጣ እንጂ! ዕድሜዬን ሙሉ መጽሐፍ ስለምን ያስመጣሁ ይመስልሃል? ግምጃ ቤት ለአይጥ ላነብለት?» ሲብስባት ‹እርስዎ› ማለቱ ይጠፋታል። «አንተው የፈረምክበት ወረቀት ይኸው። ባዶ ነው ብለሃል። ባዶ ከሆነ ባዶ ወረቀት ይዤ መውጣት መብቴ ነው። የለም፣ መጽሐፍ ነው ካልክ ደግሞ አንባቢው ይኸው ቆሟል። ምረጥ!»

አቶ ጌታነህ የገዛ ፊርማውን አየ። ሰው ሁሉ አፉን ያየዋል።

አስናቀች አንዱን ጥራዝ አውጥታ የባጃጁ ወንበር ላይ ዘረጋችው። የኤልሳዕን እጅ ይዛ ገጹ ላይ አኖረችለት። «ታ ናኣው» አለችው፤ ስትናደድም ስትወድም በወላይታቶ ነው፣ ልጄ ማለቷ ነው። «በል።»

ጣቶቹ መስመሩን ያዙ። ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ሄዱ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ገጹን ገለጠ። የሰኔ ካፊያ ጀመረ። አቶ ጌታነህ፣ ምን ቢሆን የቤተ መጻሕፍት ሰው ነው፣ ወረቀት ሲረጥብ ማየት አይችልምና ሳያስበው ጥላውን ዘረጋና ከጥራዙ በላይ ያዘው። የራሱ ትከሻ ይረጥባል።

«እ... ምን ይላል?» አለው ቀስ ብሎ።

ኤልሳዕ ቀና አላለም።

«ይቆዩኝ፣ ጋሼ። እያነበብኩ ነው።»

አስናቀች ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ ካፊያው ነው ብላ ፊቷን ጠረገች። ኤልሳዕ ገጹን ጨረሰ፣ ጥራዙን ራሱ ዘጋ፣ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ማንም አላስቆመውም።

አሁን አቶ ጌታነህ ልቡ ራርቶ ነገሩን ተወው ብላችሁ እንዳታስቡ። ጥላ ይዟል፣ እውነት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ቁጭ ብሎ ክሱን ጻፈባት። የቤተ መጻሕፍት ንብረት ያለ ፈቃድ ማውጣት። አስናቀች ክሱን አንብባ አጠፈችና ሻይ መጠጫዋን አስቀመጠችበት።

ኤልሳዕ ኪራይ ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ አነበበ። መንገድ ላይ ከባድ ነገር ተጭኖባቸው ኖሮ፣ ከሦስተኛው ጥራዝ አንዳንድ ገጾች ነጥባቸው ተደፍጥጦ ጠፍቷል። እነዚያን ብቻ አስናቀች በቀለም ከታተመው መጽሐፍ አነበበችለት፤ ሳታዛጋ፣ አንቀጽ ሳትዘል። እሱ እየሰማ በብሬል መጻፊያዎቹ፣ በስሌቱና በስታይለሱ፣ አዲስ ወረቀት ላይ እየወጋ ጻፋቸው። ከዚያ ተፈተነ። አለፈ። ለትንሽ አይደለም፣ በደንብ አለፈ። ቦምቤ ያለችው እናቱ ስትሰማ እልልታዋን በስልክ ውስጥ ለቀቀችው፤ አስናቀች ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲቀመጥ አስናቀች ብቻዋን አልገባችም። ኤልሳዕ ከጎኗ ነበር፣ በተዋሰው ኮት። ክሱ ተነበበ። ኤልሳዕ ተነሳና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ንብረቱ የማን እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ካለ ይቅረብ አለ። የቀረበው ያው የፍቅሬ ወረቀት ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አነበበው፣ አገላብጦ አየው፣ አቶ ጌታነህን አየው። ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። ከዚያም ሌላ። እስካሁን ቀጠሮ ላይ ናቸው፤ አስናቀችም እስካሁን መስኮቷ ላይ ናት፣ እየደወለች።

ሕጉን በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ስትሸኘው ካርቶኑ ላይ በቀለምም በብሬልም ተጻፈበት። ከጥራዞቹ ጎን የኤልሳዕ እናት የላከችው ዝንጅብል አለ። የተደፈጠጡት ገጾች ባሉበት ቦታ ደግሞ ኤልሳዕ የወጋቸው አዲስ ገጾች ገብተዋል።

መክብብ እንደደረሰው ደወለ።

«አስናቀች፣ ሦስተኛው ጥራዝ ውስጥ አዲስ ገጽ አለ። እያንዳንዱን ነጥብ አነበብኩት፣ አንድ ስህተት የለውም። የማን እጅ ነው?»

አስናቀች ከመስኮቷ ኋላ ቀና ብላ ተቀመጠች። አቶ ጌታነህ በኮሪደሩ እያለፈ ነበር፤ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አደረገች።

«የጠበቃዬ ነው!»