ቡፌ ውስጥ የቆለፍኩት ማይክሮስኮፕ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ሶልያናን የቡፌዬን ቁልፍ በቢላዋ ጫፍ ስትጎረጉር እጅ ከፍንጅ ያዝኳት።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ማሚ፣ መንዴይ ዲው ነው! አይ ኒድ ኢት!» አለችና ቢላዋውን ከጀርባዋ ደበቀችው።

ከመጀመሪያው ላውራችሁ። ሶሊ ትምህርት ቤቷ ውስጥ የሳይንስ ክለብ ነበራት። እኔ አልባኒ ከተማ ከምንከባከባቸው አዛውንት ቤት ወጥቼ ሰፈራችን ፍሩትቬል እስክደርስ ድረስ እዚያ ትቆየኛለች። ክለቡ የሚንቀሳቀሰው ከመንግሥት በሚመጣ ፈንድ ነበር። ዘንድሮ ፈንዱ አልታደሰም ተባለና ተዘጋ። አስተማሪዋ ሚስ ሎፔዝ ዕቃው መጋዘን ገብቶ አቧራ ከሚጠጣ ብላ ለልጆቹ በዕጣ አከፋፈለችው። ለሶሊ ማይክሮስኮፕ ደረሳት።

ሚስ ሎፔዝ ታዲያ አንድ የቤት ሥራ ሰጠቻቸው። እያንዳንዱ ልጅ በደረሰው ዕቃ በዓይኑ ያየውን ነገር ይሥላል። ሥዕሎቹ ፈንዱ እንዲመለስ ለስቴቱ ምክር ቤት ከሚላከው ደብዳቤ ጋር ይያያዛሉ። ወላጅም መሣል ይችላል ብላለች። የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነው።

እኔስ ምን አደረግኩ? ማይክሮስኮፑን ከመኪና ሳይወርድ ተቀበልኳትና በፎጣ ጠቅልዬ ቡፌው ውስጥ ቆለፍኩበት። ለእንግዳ ብዬ ካስቀመጥኳቸው፣ እንግዳ ግን ጠጥቶባቸው ከማያውቅ ብርጭቆዎቼ ጎን። ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ቆይ»፣ «እኔ ስኖር» እያልኩ አከረምኳት።

ቅዳሜ ዕለትም ቢላዋውን ቀማኋትና «ከጉግል ላይ አይተሽ ገልብጪዋ» አልኳት።

«ዛትስ ቺቲንግ! ሚስ ያየሽውን ነው ያለችው።»

«ይሰበራል አልኩሽ እኮ! ከተሰበረ ማን ይተካዋል?»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ክው አልኩ። የእኔ ድምፅ አልነበረም... የጋሽ በላይ ነው።

ጋሽ በላይ አዲስ አበባ ዘጠነኛ ሐ ስማር የትምህርት ቤታችን የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ካኪ ጋዋን፣ ወገባቸው ላይ የቁልፍ መዓት። ላብራቶሪው ውስጥ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አለ፣ ውስጡ አንድ ማይክሮስኮፕ። በእረፍት ሰዓት እኔና ሙሉ የምትባል ጓደኛዬ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለን እናየዋለን። እሷም መስኮቱን እፍ እያለች በሹራቧ እጅጌ ትወለውልና «ዛሬ ያወጡት ይሆን?» ትለኛለች። አንድም ቀን አላወጡትም።

አንድ ጊዜ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቲቸር ግርማ እኛው ፊት ለመኗቸው።

«ጋሽ በላይ፣ ለአንድ ፔሬድ ብቻ!»

«መንግሥት በፊርማዬ ነው ያስረከበኝ። ይሰበራል! ከተሰበረ ማን ይተካዋል?»

ቲቸር ግርማ አልተከራከሩም። ባለቀለም ጠመኔ አወጡና የሽንኩርት ሴል ሰሌዳው ላይ ሣሉልን። ሲያምር! ጣቶቻቸው አረንጓዴ ሆነው «በማይክሮስኮፕ ያያችሁት ይምሰላችሁ ልጆቼ» አሉን። ገለበጥነው። ፈተና ላይ «የማይክሮስኮፕ ክፍሎችን ጻፉ» የሚል መጣና አሥር ከአሥር ደፈንኩ... ሳልነካው።

ያ ክፍል እንዴት እንደናፈቀኝ! የጠመኔው ብናኝ፣ የሙሉ ሹራብ... ጋሽ በላይ ሳይቀሩ ናፈቁኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም እኮ። ማይክሮስኮፑ አንድ ብቻ ስለነበር ነው።

«ማሚ... አር ዩ ኦኬ?»

ቦርሳዬን አመጣሁና ቡፌውን ከፈትኩ። ከወጥ ቤት ቀይ ሽንኩርት አምጥቼ ስስ ቆዳውን ላጥኩ፣ ከማይክሮስኮፑ ጋር የመጣችው ትንሿ መስታወት ላይ በጠብታ ውሃ አነጠፍኩት። መቼም ቲዎሪ አይጠፋኝም! «ይሄ ኦኩላር ነው፣ ይሄ ኦብጀክቲቭ፣ ይሄ ስቴጅ» ስላት ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ሃው ዱ ዩ ኖ ዛት?»

«የዘጠነኛ ሐ ጎበዝ ነበርኩ፣ ምን መሰለሽ!»

«ሶ... ስታዪው ምን ይመስል ነበር?»

እዚህ ላይ ጉራዬ አለቀ። «አይቼ አላውቅም» አልኳት።

ሶሊ ትንሽ አየችኝና ከወንበሯ ተነሣች። «ዩ ጎ ፈርስት» አለችኝ። ሁለት ሳምንት የለመነችኝን ነገር... መጀመሪያ አንቺ እዪ አለችኝ!

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነበር። ሶሊ ማስተካከያውን ቀስ አድርጋ ስታዞረው... እንደ ጡብ ተደርድረው ብቅ አሉ። ቲቸር ግርማ የሣሉት ራሱ! ቀለሙ ብቻ ተለየብኝ። ሠላሳ ዓመት አረንጓዴ ይመስለኝ የነበረው ለካ ወይን ጠጅ ኖሯል።

አለቀስኩ። በሽንኩርቱ ማሳበብ እችል ነበር፣ ግን ለምን እዋሻለሁ።

ሶሊ ሣለች። እኔም ከጎኗ ቁጭ ብዬ ሣልኩ። ሰኞ ሁለቱንም ይዛ ሄደች። ደብዳቤው ፈንዱን ያስመልስ አያስመልስ አላውቅም። የሥዕል ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ስም» እና «ክፍል» የሚል ነበረው። ስሜን ጻፍኩ። ክፍል በሚለው ላይ ደግሞ... 9ኛ ሐ።

ጋሽ በላይ፣ ካሉበት ይድረስዎት... አልተሰበረም።