አንድ ፈረስ ይበቃኛል

አባቴ አያልበውም። የጫት መኪና ይነዳ በነበረበት ጊዜ መኪናው ተገልብጦ በእሳት ተያያዘ። ነፍሱ ተረፈች፤ ጀርባው፣ ደረቱና ሁለቱ ክንዶቹ ግን ተቃጠሉ። ቁስሉ ሲደርቅ ሐኪሙ ለእናቴና ለእኔ፣ «ጠባሳው ላብ አያወጣም። ሙቀት ሲሆን ሰውነታቸው ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ከሙቀት ጠብቋቸው» አለን። «እሺ» ብለን ወጣን። እንዴት እንደምንጠብቀው አልጠየቅንም። እኔ ጥያቄ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ከበር ከወጣሁ በኋላ ነው።

ጭሮ ሞቃት ከተማ የምትባል አይደለችም። ሙቀት ያለው ቁልቁል ሚኤሶ ነው ይባላል። የእኛ ቤት ግን ኮርኒስ አልነበረውም፤ ከራሳችን በላይ ያለው ባዶ ቆርቆሮ ነበር። ከየካቲት ጀምሮ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል። ያኔ አባቴ ሽርጡን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ትከሻው ላይ ይጥላል። ሲደርቅ እንደገና ይነክረዋል። ስምንት ሰዓት ላይ ፊቱ ይቀላል፤ ንግግሩ ይጎተታል። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስመጣ ባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ስሜን ለመጥራት ሞከረ፤ የእናቴን ስም ጠራ።

ከዚያ ቀን በኋላ «እህቴ ጋ እሄዳለሁ» ማለት ጀመረ። አክስቴ የምትኖረው ከገለምሶ አልፎ ደጋ ላይ ነው። ሚኒባሱ ከሚቆምበት ወዲያ ያለው ዳገት በፈረስ ነው የሚወጣው። እዚያ ሙቀት የለም። ሐኪም ቤትም የለም፤ እኛም የለንም። እናቴ ሱቋን ዘግታ መሄድ አትችልም፤ እኔም ሥራዬን ትቼ። «ለበጋው ብቻ ነው» ይለን ነበር፤ ግን የመኪና መፍቻዎቹን ለጎረቤት ሲሰጥ አይቻለሁ። ለበጋ ብቻ የሚሄድ ሰው መፍቻውን አይሰጥም።

እኔ ኤሲ አሰብኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ጭሮ ውስጥ ኤሲ ባንክ ቤት እንጂ መኖሪያ ቤት አይቼ አላውቅም። ስልክ ከመደወሌ በፊት የምናገረውን ወረቀት ላይ የመጻፍ ልማድ አለኝ። ድሬዳዋ ላለ አንድ ሱቅም እንዲሁ ጽፌ፣ ጓሮ ልብስ ማስጫው ሥር ቆሜ ደወልኩ። ሻጩ ከሰላምታው ቀጥሎ፣ «ስንት ፈረስ?» አለኝ።

ወረቀቴ ላይ ፈረስ አልነበረም። የኤሲ ጉልበት በፈረስ እንደሚለካ ያኔ ነው ያወቅኩት። የክፍሉን ስፋት ነገርኩት፤ ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን ሲሰማ «ሁለት ፈረስ ውሰጂ» አለ።

«ሁለት ፈረስ ስንት ነው?» አልኩ። ነገረኝ። «አንዱስ?» እሱንም ነገረኝ። «ለአባቴ ነው፤ እባክህ ቀንስልኝ» ማለቴን አስታውሳለሁ። ብዙ አልቀነሰም። የሁለት ፈረሱ ዋጋ፣ ከመዳብ ቱቦው፣ ከገመዱ፣ ከስታቢላይዘሩና ማሽኑን ከሚገጥመው ባለሙያ ክፍያ ጋር የአሥራ አራት ወር ደመወዜ ይሆናል። እቁቤ ደርሶኝ ከያዝኩት ጋር ተደምሮ እጄ ላይ ያለው የስምንት ወር ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ የአባቴን ልብሶች እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስትከት አገኘኋት።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፈረሱን ከተከራየሽ በኋላ ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለች፣ ዓይኗን ከሻንጣው ሳታነሳ። «ራቁቱን ይሂድልሽ?»

«የምን ፈረስ?»

አባቴ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ተናገረ። «ተያት። ደግ አደረገች። ግን ልጄ፣ ሁለት ምን ያደርጋል? ሸኚ አያስፈልገኝም። አንድ ፈረስ ይበቃኛል።»

እናቴ ጓሮ ስልክ ሳወራ ሰምታ ለአባቴ ነግራው ነበር። ወደ አክስቴ ልልከው የወሰንኩ መስሎታል፤ ያም ሆኖ ወጪ እንዳይበዛብኝ ነበር የሚያስብልኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮህኩ። «ማሽን ነው! ኤሲ! የኤሲ ጉልበት ነው ፈረስ የሚባለው! የትም አትሄድም!»

እናቴ አፏን በሻሽዋ ጫፍ ይዛ መሳቅ ጀመረች። «ወላሂ እኔ እኮ፣ ሁለተኛው ፈርዳ ለማነው እያልኩ ነበር። እኔንም አብረሽ ልትሸኚኝ መስሎኝ!» እናቴ ስትደነግጥ ወይም ደስ ሲላት ኦሮምኛዋ ይቀድማል፤ ፈርዳ ያለችው ፈረሱን ነው።

«የእኔ መኪና ከመቶ በላይ ፈረስ ነበራት» አለ አባቴ። «አንዱም አላቀዘቀዘኝም።»

ሻንጣውን ልፈታው ስል ግን ከለከለኝ። «ይቆይ። መጀመሪያ ይታይ።»

የድሬዳዋው ሱቅ ኤሲ ገጣሚ ከሳምንት በኋላ ለሌላ ሥራ ወደ ጭሮ ሲመጣ ወደ ቤታችን ጎራ አለ። ጣሪያውን አየና ራሱን ነቀነቀ። «አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «በዚህ ቆርቆሮ ሥር ሁለት ፈረስ ብገጥምም ሰማዩን ነው የማቀዘቅዝልዎት። ሦስት ይፈልጋል። ለሦስት ደግሞ ከመብራት ምሰሶው የሚመጣው ገመዳችሁ አይችልም።»

ዋጋውን የደመርኩበትን ወረቀት አጠፍኩት። አባቴ ሻንጣውን አየ።

ጫት ነጋዴዋ ጎረቤታችን ወሬውን ሰምታ የገባችው ያኔ ነው። «ጭሮ ላይ ኤሲ? ሚኤሶ ያላችሁ መሰላችሁ እንዴ?» አለች ገና ከበሩ። ቀና ብላ አየችና ሳቋ ቆመ። «ቆይ፣ ሰውየውን በባዶ ቆርቆሮ ሥር ነው የምታውሉት? እኔ ጫቴን እንኳ አላውልም። ይጠወልጋል።»

«ከጫት ጋር አስተካከልሽኝ» አለ አባቴ።

«ምን አስተካክላለሁ? ጫቱ ይሸጣል!»

ገጣሚው ሳይቀር ሳቀ። እሷ ግን እየጎተተች ጫት ወደምታሽግበት ክፍል ወሰደችን። ጣሪያው እንደኛው ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ግን የችፕውድ ኮርኒስ አለው፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ትኩስ አየር እንዲወጣ በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ ተትቶለታል። ሰባት ሰዓት ነበር። ክንዴ ላይ ያለው ሙቀት ሲለቀኝ ተሰማኝ። ሁሉም ለመውጣት ዞሩ። ጥያቄው መጣልኝ፤ ገና ከበር አልወጣሁም ነበር።

«ወንድም» አልኩት ገጣሚውን፣ «እኛም እንዲህ ያለ ኮርኒስ ብናሠራ፣ ስንት ፈረስ ይበቃል?»

እጁን ወደ ኮርኒሱ ዘርግቶ ትንሽ አሰበ። «ክፍሉ ያው ያየሁት ከሆነ... አንድ።»

ድሬዳዋ የደወልኩት ሳልጽፍ ነው። ሻጩ «አንድ ፈረስ ይጸጽትሻል» አለኝ፤ «አይጸጽተኝም» አልኩት። ኮርኒሱን የጎረቤታችን አናጢ ሠራልን። ግድግዳችን ጭቃ ስለሆነ የውጭውን ማሽን አይሸከምም፤ ጓሮ ጥላ ባለበት ቦታ በሲሚንቶ መደብ ተሠራለት። ለስታቢላይዘሩ የጎደለውን እናቴ ከሱቋ ሞላች። የመብራቱም ነገር አለ። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ብቻ እናበራዋለን፤ መብራት በጠፋ ቀን ሽርጡና ባልዲው ይመለሳሉ። ግን ከኮርኒሱ በኋላ ሽርጡ ቶሎ አይደርቅም።

ኤሲው በተገጠመበት ሳምንት ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ክፍሉ ገባሁ። አባቴ እግሩን ሰብስቦ ተኝቷል። ደንግጬ ግንባሩን ነካሁት።

«ልጄ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ስሜን አስከትሎ። «ያን ሻንጣ ክፈቺልኝ።»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ጋቢዬ ከታች ነው። በረደኝ።»

እናቴ ለደጋው ብርድ ብላ ከሁሉ አስቀድማ የከተተችው ጋቢውን ነበር። እሱን ለማግኘት የላዩን ልብስ ሁሉ ማውጣት ነበረብኝ። ጋቢውን አለበስኩት፤ የቀረውን አንድ በአንድ ወደ ነበረበት የልብስ ሳጥን መለስኩት።